ጓደኛዬ ሦስተኛው ገጽ ላይ አቆመች፤ አንባቢን የሚይዘው ምንድን ነው?

የአራት ኪሎዋ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

እንጀራዬ መጻፍ ነው፤ ግን የሰው ጽሑፍ። አራት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት የሚሠራ ሱቅ ውስጥ ስሠራ 6 ዓመት ሆነኝ። ቀኑን ሙሉ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር ደንብ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሰርግ መጥሪያ እጽፋለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ የራሴን።

አንድ ታሪክ ጨርሻለሁ። 11 ገጽ ነው። ስለ አያቴ ነው። አያቴ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ኖራለች። እኔም ያደግኩት እዚያው እሷ ጋ ነው። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ተነሣች። አሁን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። የጻፍኩት ስለዚያ ቀን ነው። ስጽፈው አልቅሻለሁ።

ለቅርብ ጓደኛዬ ሰጠኋት። አንባቢ ናት፤ ከቦርሳዋ መጽሐፍ አይጠፋም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መለሰችልኝ። "ጥሩ ነው" አለች። ሌላ ነገር አላለችም። ቤት ወስጄ ስገልጠው ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለፈበት የሎተሪ ቲኬት ዕልባት ሆኖ ተሰክቷል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወረቀቶች ከማተሚያው እንደወጡ ናቸው። አንድ እጥፋት የላቸውም። አልተቀየምኳትም። ግን ሌሊቱን አላስተኛኝም።

በዚያው ሰሞን ለቅሶ ሄድኩ። ሟቹን በዓይን እንኳ አላውቃቸውም፤ የሥራ ባልደረባዬ አጎት ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ወሬ ይዟል፣ ንፍሮ ይዞራል። ከዚያ የሟች እኅት ተነሡና እንዲህ አሉ፦

ከዘራህ ከበሩ ቆሞ ይጠብቃል፣
እግርህ የት እንዳለ እሱ ምን ያውቃል።

ድንኳኑ አንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ ለቅሶው ፈነዳ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማላውቀው ሰው። ሁለት መስመር ናት። "ደግ ነበርክ" አላሉም። "ልቤ ተሰበረ" አላሉም። ስለ አንድ ዱላ ነው ያወሩት። እኔ 11 ገጽ ጽፌ የቅርብ ጓደኛዬን እንኳ አልያዝኳትም።

ስለዚህ አንደኛው ጥያቄዬ፦ ጸሐፊዎች ሰውን አስቀምጠው የሚያስነብቡት በምን ብልኃት ነው?

ሁለተኛው ይከብደኛል። ብልኃት ከሆነ፣ ታስቦበት የሚሠራ ከሆነ፣ ማታለል አይደለም ወይ? የአያቴን ሐዘን ተጠቅሜ ሰው ላስለቅስ ማለት አያቴን መነገጃ ማድረግ ይመስለኛል። ያወቃችሁ ንገሩኝ። የመጀመሪያው አንቀጽ ይኸው፤ ሳትራሩ እዩት።

«አያቴ በሕይወት ዘመኗ ብዙ ውጣ ውረድ ያሳለፈች፣ እጅግ ጠንካራ፣ ደግና አስተዋይ ሴት ነበረች። የኖረችበትን ሰፈር ለቃ በወጣችበት በዚያ መራር ቀን ልቧ በከባድ ኀዘን ተሰብሮ ነበር። ሰማዩ እንኳ አብሯት ያለቀሰ ይመስል ከጧት ጀምሮ ዳምኖ አጉረመረመ። የዘመናት ትዝታዎቿ ሁሉ በአንድ ቀን ፍርስራሽ ሆኑ።»

የድሮ ጋዜጣ አከራይ

እህቴ፣ እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ግን አንባቢን በቅርብ አይቻለሁ። ተማሪ እያለሁ እዚያው አንቺ ሰፈር፣ አራት ኪሎ፣ ጋዜጣና መጽሔት አከራይ ነበርኩ። የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። ሰው ጋዜጣውን አይገዛም። ሳንቲም ከፍሎ ይከራያል፣ ድንጋይ ላይ ወይ ግንብ ጥግ ቁጭ ብሎ ያነብባል፣ ይመልሳል። ብዙ ካቆየ እኔ ቆሜ አየዋለሁ። ስለዚህ ሁሉም ሰው እየቸኮለ ነው የሚያነበው።

እዚያ ቆሜ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰው ርዕሱን ያያል። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ያነባል። ሁለተኛዋ ላይ ወይ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ወይ ጣቱ ገጹን ይገልጣል። ሦስተኛ ዕድል የለም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ካየሁ ያ ሰውዬ ቶሎ እንደማይነሣ አውቃለሁ።

ደግሞ ተከታታይ ልብ ወለድ የሚያወጡ ነበሩ። የእነዚያ ደንበኞች ሌላ ናቸው። ጋዜጣው ሳይወጣ መጥተው ይጠብቃሉ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሌላውን ገጽ ሳይነኩ ወደ ውስጥ ገብተው ያቺን አንድ ዓምድ ብቻ አንብበው የሚመልሱ። ለምን ይሆን እያልኩ እኔም ማንበብ ጀመርኩ። ጸሐፊው ክፍሉን የሚቆርጠው ነገሩ ሲያልቅ አይደለም። በር ሲንኳኳ ነው የሚቆርጠው። ማን እንዳንኳኳ አይነግርህም። ከሥሩ "ይቀጥላል" ብሎ ይጽፋል። ሽማግሌው ሳምንቱን ሙሉ ያቺን በር ይዘው ይዞራሉ።

ልጅ ሆነን ይህንን እናውቀው ነበር። "እንቆቅልሽ" ሲባል "ምን አውቅልህ" ሳይል የሚያልፍ ልጅ የለም። መልሱ ሊነገረው ከፈለገ አገር ይሰጣል። ሐረርን፣ ጎንደርን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ሰው ላላወቀው ነገር ይህን ያህል ይከፍላል።

አሁን የአንቺን አንቀጽ እይው። ምንም አላንኳኳሽም። ጠንካራ ነች አልሽኝ፣ ደግ ነች አልሽኝ፣ አዘነች አልሽኝ፣ ፈረሰ አልሽኝ። መልሱን ሁሉ በአራት ዓረፍተ ነገር ሰጠሽኝ። አገሬን ለምን ብዬ ልስጥሽ? ጓደኛሽ እስከ ሦስተኛው ገጽ የሄደችው ስለምትወድሽ ነው።

የስድስት ኪሎ ተማሪ

ከላይ የተባለው ላይ ልጨምር። እኔ ሥነ ጽሑፍ ነው የማጠናው። ለነዚህ ነገሮች ስም አላቸው፤ ስሙን ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ስም ያለውን ነገር ፈልገሽ ታገኚዋለሽ። አንባቢን በጥያቄ አንጠልጥሎ ማቆየቱ ልብ ሰቀላ ነው። ወደፊት የሚመጣውን በትንሽ ምልክት አስቀድሞ መጠቆም ንግር ነው። ወደ ኋላ መመለሱ ምልሰት ነው።

የጋዜጣ አከራዩ ሽማግሌ ደግሞ በጥናትም አሉ። ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰው ከጨረሰው ሥራ ይልቅ መሃል ላይ የተቋረጠበትን የበለጠ እንደሚያስታውስ ጽፋለች።

ግን አንድ ነገር እንዳትሳሳቺ። ልብ ሰቀላ ማለት መጨረሻውን መደበቅ ብቻ አይደለም። ፍቅር እስከ መቃብርን አስቢ። 1958 ላይ የታተመ ነው። ርዕሱ ራሱ ሽፋኑ ላይ መቃብር አለ ብሎ ይነግርሻል! በዛብህና ሰብለ ወንጌል ወዴት እንደሚሄዱ ከሽፋኑ ታውቂያለሽ። እና መጽሐፉን ታስቀምጪዋለሽ? አታስቀምጪውም። ጥያቄው "ምን ይሆናሉ?" መሆኑ ቀርቶ "እንዴት እዚያ ደረሱ? ማን ያስጥላቸዋል?" ይሆናል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ታሪኩን አንብበው የጨረሱ ሰዎችም ጭምር ሬዲዮው ሥር ይቀመጡ እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች። መጨረሻውን እያወቁ ማለት ነው።

ስለ ማታለል ላነሣሽው ደግሞ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጉዱ ካሣን እይው። ደራሲው የባላባቱን ሥርዓት የሚተቸውን ሐሳብ ለዳኛ ወይም ለአዋቂ አልሰጠውም። ሰው "ጉዱ" ብሎ ስም ላወጣለት፣ እንደ እብድ ለሚቆጥረው ሰው ነው የሰጠው። አንባቢ መጀመሪያ ከመንደሩ ሰው ጋር ቆሞ ያየዋል። ገጽ በገጽ ይሰማዋል። አንድ ቦታ ላይ "ቆይ፣ እብዱ ማነው?" ብሎ ራሱ ይጠይቃል። ደራሲው መጥቶ "ሥርዓቱ ልክ አይደለም" አላለውም። አንባቢው በራሱ እግር ሄዶ ደረሰ። በራስህ እግር የደረስክበትን ሐሳብ ማንም አያስለቅቅህም። ይህ ስልት ነው፣ በደንብ የታሰበበት ስልት። ለእኔ ግን ማታለል አይመስለኝም። አንባቢን ማክበር ነው የሚመስለኝ።

የቅኔ ቤት ልጅ

አጭር ነገር ልበል። ልጅነቴን ቅኔ ቤት ነው ያሳለፍኩት፣ አሁን ኑሮዬ እዚሁ ጊዮርጊስ አካባቢ ነው።

ሰምና ወርቅ የሚለው ቃል ከአንጥረኛ የመጣ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል። በጭቃ ይለስነዋል። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶ ቦታ ይቀራል። ወርቁ እዚያ ባዶ ውስጥ ነው የሚፈሰው። ሁላችሁም የምታውቋትን ላንሣ፦

እጸ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሙ የአዳምና የስቅለቱ ታሪክ ነው። ወርቁ የአንድ ወጣት ልብ ነው። ኅብሩ፣ ሁለቱን ትርጉም አንድ ላይ የያዘው ቃል፣ "ተሰቀለልሽ" ላይ ነው። ወርቁን ግን ማንም አልነገረህም፣ አንተው አወጣኸው። ስታወጣው ደስ የሚልህ ለዚያ ነው። ተማሪው "ልብ ሰቀላ" ያለውም ያው "ሰቀለ" ነው።

ጸሐፊዋ እህቴ፣ ያንቺ አንቀጽ ውስጥ ባዶ ቦታ የለም። ኀዘኑን ራሱን ጻፍሽው። ወርቁ የሚፈስበትን ቦታ በወርቅ ቀለም ቀባሽው።

ማመልከቻ ጸሐፊው

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው የያዘኝ፣ ምክንያቱም እኔም ተጠይቄበታለሁ።

ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ ስጽፍ 23 ዓመቴ ነው። ድሮ በታይፕ ነበር፣ አሁን በላፕቶፕ። ከዚያ በፊት አማርኛ አስተምር ነበር። ደራሲ ብዙ አንባቢ አለው፤ እኔ ያለኝ አንድ ነው። ዳኛ። ጠረጴዛቸው ላይ መዝገብ ተቆልሏል። የኔ ወረቀት የስንተኛው ሰው እንደሆነ አላውቅም። ደክሟቸዋል። ልቅሶና እርግማን ሲያነቡ ነው የዋሉት። "ጨካኝ"፣ "አረመኔ"፣ "ኅሊና ቢስ" የሚሉት ቃላት ለእሳቸው ልክ እንደ ቀንና ቁጥር ናቸው፤ ዓይናቸው ይዘልላቸዋል።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት መጣች። የልጅ ቀለብ እንዲወሰንላት ነው። ስትናገር ትንቀጠቀጣለች። "ጻፍልኝ፣ አረመኔ በልልኝ፣ ልጁን የካደ በልልኝ" ትላለች። ሁለት ገጽ የሚሞላ እርግማን ነገረችኝ። እውነቷን ነው፣ ተበድላለች። ጨርሳ ዝም ስትል፣ "ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው?" አልኳት። "ሦስተኛ" አለች። "ደብተር አለው?" አልኳት። ለምን እንደዚያ እንደጠየቅኳት እኔም አላውቅም፤ የማስተማር ልማድ ይሆናል። ቀና ብላ አየችኝ። "ያለቀውን በላጲስ እያጠፋ እንደገና ይጽፍበታል" አለችኝ። ስትናገረው ድምፅዋ ዝቅ አለ። እንደ ትንሽ ነገር ነው የነገረችኝ።

እርግማኑን ሁሉ ተውኩት። የተጠሪን ስም፣ የልጁን ዕድሜ፣ ገንዘቡ የተቋረጠበትን ወር ጻፍኩ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ "ልጁ ያለቀ ደብተሩን በላጲስ እያጠፋ በላዩ ላይ እየጻፈ ትምህርቱን በመከታተል ላይ ይገኛል።" ያቺው ናት። ቅጽል የለባትም። በኋላ መጥታ ዳኛው ያቺን መስመር ጮክ ብለው እንዳነበቡ ነገረችኝ።

ይህ ብልኃት ነው ወይ? አዎ፣ ብልኃት ነው። ከነገረችኝ ሃምሳ ነገር አንዱን መረጥኩ። ቦታ መረጥኩለት። ቀጥሎ ዝም አልኩ። ግን ደብተሩ አለ። ላጲሱ አለ። እኔ አልፈጠርኩትም።

አሁን ደግሞ የማልኮራበትን ልንገርሽ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰውዬ ከሥራ ያለ አግባብ ተሰናበትኩ ብሎ መጣ። ጉዳዩ እውነተኛ ነበር፤ ወረቀቱን አይቻለሁ። በመሃል "እናቴን እጦራለሁ" አለኝ። እኔ ዐረፍተ ነገሩ እንዲያምር ብዬ "ሌሊት ሌሊት ከታመመች እናቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ እያደረ" ብዬ ጨመርኩ። አልነገረኝም። ከራሴ ነው ያመጣሁት። ሌላኛው ወገን መልስ ሲሰጥ እናቱ ክፍለ ሀገር እንደሚኖሩና ደህና እንደሆኑ አስረድቶ አቀረበ። ሰውዬው ገንዘብ ይልክላቸው ነበር፣ ውሸቱን አልነበረም። ውሸቱ የኔ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ነገሩን ማን ይመነው? በኔ አንድ ያማረች መስመር እውነቱም አብሮ ወደቀ። እስከ ዛሬ ፊቱ አይጠፋኝም።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት መንገድ ይህ ነው፦ ከእውነቱ ውስጥ እመርጣለሁ፣ ቅደም ተከተሉን አስተካክላለሁ፣ የማቆምበትን እወስናለሁ። የሌለ ነገር አልጨምርም። አያትሽን መነገጃ የሚያደርጋቸው የሌለውን መጨመር እንጂ ያለውን በሚገባው ቦታ ማስቀመጥ አይደለም።

ወደ አንቀጽሽ ልምጣ። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ አያትሽ በሕይወት አሉ፤ ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ ብለሻል። ታዲያ "ጠንካራ ሴት ነበረች" ለምን አልሽ? በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ገድለሻቸዋል። ሁለተኛ፣ ያን ቀን በእውነት ዝናብ ነበር? ሰማዩ አጉረምርሟል?

ሦስተኛም አለኝ፣ ዋናው እሱ ነው። ያን ዕለት ጧት አያትሽ ከአልጋ ወርደው መጀመሪያ ምን ሠሩ? የተሰማቸውን አትንገሪኝ። የሠሩትን ንገሪኝ።

የአራት ኪሎዋ ጸሐፊ

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ሰዓት መልስ መጻፍ አቃተኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ዝናብ አልነበረም። ፀሐይ ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ሰማዩን ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ፤ ሲያዝን የሚዘንብ ሰማይ ብዙ ቦታ አንብቤያለሁ። ይታያችሁ፣ ማታለል እንዳይሆንብኝ ስፈራ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ የሌለ ደመና ያመጣሁትም እኔው ነኝ። "ነበረች" ያልኩትን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ይህን ስጽፍ እጄ ቀዝቅዟል።

ያን ጧት የሠራችው፦ ግቢውን ጠረገች።

እንደ ሁልጊዜው ተነሣች፣ ውሃ ረጨት ረጨት አደረገች፣ ጠረገች። አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከዕቃ ጫኞቹ አንዱ ይብቃዎት ብሏታል። ስትጨርስ መጥረጊያውን በሩ ጀርባ መልሳ አቆመችው። እኔ ሣጥን ይዤ እየወጣሁ አየኋት። ያ በር ከሰዓት በኋላ ተነቅሏል።

ታሪኬ ውስጥ አለ። ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ "ጧት ግቢውን ከጠረገች በኋላ" የምትል አንዲት ሐረግ ናት። ተራ ነገር መስሎኝ ነው። ጓደኛዬ እዚያ አልደረሰችም።

የድሮ ጋዜጣ አከራይ

በሩ ጀርባ መልሳ አቆመችው? እህቴ፣ ይኸው አንኳኳሽ። እኔ አሁን ተነሥቼ መሄድ አልችልም።

የስድስት ኪሎ ተማሪ

ሰባተኛው ገጽ ላይ አታስቀሪው፣ ወደ ፊት አምጪው። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር አስቢበት። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1889 በጻፈው ደብዳቤ፣ የሚተኩሰው ሰው ከሌለ የጎረሰ ጠመንጃ መድረክ ላይ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም ብሏል። መጥረጊያውን መጀመሪያ ላይ ካሳየሽን ታሪኩ ሳያልቅ ይፈለጋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ የሚጠረግ ግቢ የለም። አያትሽ እዚያ ጧት ጧት ምን ያደርጋሉ? እውነቱ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ጥያቄው እዚያ አለ።

የአራት ኪሎዋ ጸሐፊ

ትናንት ማታ እንደገና ጻፍኩት። ይኸው፦

«ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ አያቴ ግቢውን ውሃ ረጨችና መጥረግ ጀመረች። አይሱዙው በር ላይ ቆሟል። የጎረቤታችን ጣሪያ ትናንት ወርዷል፤ ቆርቆሮው አጥር ሥር ተደርድሯል። አያቴ ከቧንቧው ሥር ጀምራ እስከ በሩ ድረስ ጠረገች። ጥራጊውን አፈሰች። ከዕቃ ጫኞቹ አንዱ፣ "እማማ፣ ይብቃዎት፤ ዛሬ እኮ ይፈርሳል" አላት። "አውቃለሁ ልጄ" አለችው። መጥረጊያውን አራገፈችና በሩ ጀርባ፣ ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ፣ በኀዘን አቆመችው።»

ማመልከቻ ጸሐፊው

ልጄ፣ ከቢሮ ወጥቼ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አላየሁም፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ነው የነካኝ።

አንድ ቃል ብቻ አውጪ። "በኀዘን" የሚለውን። አዝነው ነበር? ሊሆን ይችላል። ግን ያንን አንቺ ስትጽፊው አንባቢው የሚሠራው ያጣል። የቅኔ ቤቱ ልጅ ባዶ ቦታ ያለው እሱን ነው። "ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ አቆመችው" ብለሽ አቁሚ። ደግሞ "አውቃለሁ ልጄ" የሚለውን ማንም ቢመክርሽ እንዳትነኪው። ብለዋል አይደል? ከራስሽ አላመጣሽውም?

የአራት ኪሎዋ ጸሐፊ

ብላለች ጋሼ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውዬው የበሩን ፍሬም ተደግፎ ነበር፣ እሷ ቀና ሳትል ነው የመለሰችለት።

"በኀዘን"ን አጠፋሁት። ካጠፋሁት በኋላ ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። አዝና ነው የጠረገችው ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ እንጂ ጠይቄያት አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ ምሳ ሰዓት ሱቁ በር ላይ ቆሜ ደወልኩላት። ሰላምታው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጤና፣ የመብራቱ ነገር አለቀ። ከዚያ "እማዬ፣ ያን ቀን፣ ቤቱ የፈረሰ ዕለት፣ ጧት ግቢውን ለምን ጠረግሽው?" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ጥያቄው ግራ ያጋባት ይመስለኛል።

"ቅዳሜ አልነበር እንዴ?" አለችኝ። "ቅዳሜ የኔ ተራ ነበራ።"